ምዕራፍ 6፦ ካርዱ የጠፋበት ነዋሪ

በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሲያትል ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መካከል ቦርሳው መርካቶ የሚመነተፍ፣ የእጅ ሻንጣውን ታክሲ ውስጥ ረስቶ የሚወርድ፣ ግሪን ካርዱ ከጂንስ ኪሱ ጋር አብሮ የሚታጠብበት አይጠፋም። የመመለሻው ቀን ደርሶ ቦሌ ሲቀርብ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ታገላብጥና ካርዱን ትጠይቀዋለች። እንደጠፋበት ይነግራታል። ፎቶ ኮፒውን ያሳያል፣ በስልኩ ያነሳውን ምስል ያሳያል፣ የአሜሪካ መንጃ ፈቃዱን ይጨምራል። እሷም በትሕትና መሳፈር እንደማይችል ትነግረዋለች። ከዚያ ወጥቶ ለሚስቱ ሲደውል የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «አሜሪካ አላስገባህም አለችኝ።»

አሜሪካ ግን ገና አልተጠየቀችም። እምቢ ያለው አየር መንገዱ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ግማሽ አየር መንገዱ ለምን እምቢ እንዳለና እሺ የሚያሰኘው ወረቀት ከየት እንደሚመጣ ነው። በምዕራፍ 2 ቪዛ ማግኘትና አገር መግባት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን፣ ሁለተኛውን የሚወስነውም መግቢያው በር ላይ ያለው መኮንን መሆኑን አይተን ነበር። በምዕራፍ 4 ደግሞ ዲቪ የደረሰው ሰው መቼ ቋሚ ነዋሪ እንደሚሆን ተነጋግረናል፤ ነዋሪ የሚሆነው ካርዱ በፖስታ ቤቱ ሲደርስ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ቪዛውን ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል እንደ ነዋሪ ሲገባ ነው፤ ካርዱ ከሳምንታት በኋላ ይከተላል። ያ ነጥብ እዚያ ጋ የዘለልነው ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

የእድር ደብተርና የእድር አባልነት

አንድ የሰፈር እድር እናስብ። እያንዳንዱ አባል ደብተር አለው፤ በየወሩ መዋጮውን ሲከፍል ገንዘብ ያዡ ይፈርምበታል። ጸሐፊው ደግሞ የአባላቱን ስም የያዘ ትልቅ መዝገብ ያስቀምጣል። ከአባላቱ አንዱ ደብተሩ በጎርፍ ቢወሰድበት ከእድሩ ተሰረዘ የሚል ሰው አለ? የለም። አባልነቱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው፤ ደብተሩ የአባልነቱ ምስክር ብቻ ነው።

ግሪን ካርድም እንዲሁ ነው። መንግሥት ዘንድ የሚታወቀው በኦፊሴላዊ ስሙ አይ-551 ተብሎ ሲሆን ሥራው ነዋሪነትን መመስከር ነው። (ለነገሩ በየዘመኑ ቀለሙ ሲቀያየር ኖሮ እንደገና አረንጓዴ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።) ካርዱ ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ ተቃጠለ፣ ሕፃን ልጅ በመቀስ ቆራረጠው፤ ነዋሪነቱ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ «ኤ» በሚል ፊደል የሚጀምር የራሱ ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር ሥር ፋይሉ፣ ፎቶግራፉና የጣት አሻራው ተቀምጧል። ዳላስ ላይ የቆመው የድንበር መኮንን አሻራውን ስካነር ላይ እንዲያደርግ ቢያዝዘው ሰውየው ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል።

እንግዲህ መዝገቡ ካለ፣ አሻራውም ካለ፣ ሰውየው ለምን ቦሌ ላይ ይቀራል? መዝገቡን ማየት የሚችለው መኮንን ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ቦሌ ያለችው ሠራተኛ የአሜሪካን መንግሥት የነዋሪዎች ፋይል ከፍታ የማየት ሥልጣን የላትም። በፊቷ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና አንድ ስልክ ውስጥ ያለ ምስል ነው።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው

ወደ እድሩ እንመለስ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ጎላው ያለበት ዕቃ ቤት አለ፤ ዕቃ ቤቱም ኃላፊ አለው። ይህ ሰው ማን አባል እንደሆነ አይወስንም፤ መዝገቡም እጁ ላይ የለም። ጠቅላላ ጉባኤው ግን አንድ ደንብ አውጥቶበታል እንበል፦ አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን ካወጣህ ቅጣቱን ከኪስህ ትከፍላለህ። እንዲህ ያለ ደንብ ያለበት ኃላፊ የሚያውቀውን ጎረቤቱን እንኳ «ደብተርህን አምጣ» ቢለው ክፋት አይደለም። አባል የሆነን ሰው በስህተት ቢመልስ የሚደርስበት ወቀሳ ነው፤ አባል ላልሆነ ሰው በስህተት ቢሰጥ ግን ይከፍላል።

አየር መንገዶች የተቀመጡት በዚህ ወንበር ላይ ነው፤ ወንበሩም የተሠራው በመርከብ ዘመን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጣችው ሕግ መግባት የተከለከለን ሰው ይዞ የመጣ የመርከብ ድርጅት በራሱ ወጪ እንዲመልሰው አስገደደች። በ1903 ደግሞ ተላላፊ በሽታ ያለበትን ስደተኛ ያሳፈረ መርከብ በሰው 100 ዶላር እንዲቀጣ ተደረገ፤ ሕመሙ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት በሐኪም ምርመራ ሊታወቅ ይችል ነበር በሚል። በ1924 የቪዛ ሥርዓቱ ሲጠብቅ ቪዛ የሌለውን ስደተኛ ማምጣት 1,000 ዶላር ያስከፍል ጀመር። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 273 መነሻው ለአንድ ሰው 3,000 ዶላር ነው፤ የዋጋ ንረትን እየተከተለ ይጨምራል። ሰውየውን መልሶ የማጓጓዙ ወጪም አለ። አውሮፓም በዚሁ መንገድ ሄዳለች፦ ብሪታንያ የአጓጓዦችን ተጠያቂነት የሚደነግግ ሕግ በ1987 አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2001 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ቅጣት እንዲያስቀምጡ አዘዘ።

ሕጉ ለአጓጓዡ አንድ መውጫ ትቶለታል። በቂ ጥንቃቄ አድርጎ ቢመረምርም ጉድለቱን ሊያውቅ እንደማይችል ያስረዳ ድርጅት ቅጣቱ ሊነሳለት ወይም ሊቀነስለት ይችላል። ስለዚህ ለሠራተኛዋ የሚያዋጣት መንገደኛውን ማመኗ አይደለም፤ የሚያዋጣት ተቀባይነት ያለው ሰነድ አይታ እንዳሳፈረች ማሳየቷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒዩተር ቲማቲክ የሚባል የመረጃ ቋት አለ፤ የየአገሩ የመግቢያ ደንብ በዜግነትና በሰነድ ዓይነት ተዘርዝሮበታል። ግራ የገባት እንደሆነ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ኃይል ለአየር መንገዶች ብቻ የከፈታቸው የስልክ ማዕከላት አሉ፤ ማያሚ፣ ኒው ዮርክና ሆኖሉሉ ላይ። እዚያ ያለው መኮንን ምክር ይሰጣታል። ይሁን እንጂ በረራው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከኋላ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎ፣ ይህ መንገድ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የሚሞከር አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በዚህ ሥርዓት ላይ ቅር የሚለው ሰው ቅሬታውን ወደ ሠራተኛዋ ማዞሩ ያለ ቦታው ነው። የድንበር ሥራን ያለ ሥልጣን ለግል ድርጅት ያሸከመው ሕጉ ነው።

ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ የሚጻፍ ማስታወሻ

ደብተሩ የጠፋበት የእድር አባል ምን ያደርጋል? ወደ ጸሐፊው ይሄዳል። ጸሐፊው መዝገቡን አይቶ በማኅተም የተደገፈ ማስታወሻ ይጽፍለታል፦ «ይህ ሰው አባላችን ነው፤ ድንኳኑ ይሰጠው።» ማስታወሻው የተጻፈው ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ነው። አዲስ ደብተር አይደለም፤ አባልነትንም አይፈጥርም። የኃላፊውን ስጋት ለማንሳት ብቻ የተጻፈ ነው።

ውጭ አገር ሳለ ካርዱ የጠፋበት የአሜሪካ ነዋሪ የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ቅጹ አይ-131ኤ ይባላል። የቅጹ ስም ራሱ የአጓጓዥ ሰነድ ማመልከቻ የሚል ነው፤ ይህን ልብ ያለ ሰው ወረቀቱ ለማን እንደሚናገር አይጠፋውም። ሲፈቀድ ኢምባሲው ፓስፖርቱ ላይ ቪዛ የሚመስል ተለጣፊ ያደርግለታል፤ ቦርዲንግ ፎይል ይሉታል። በጥቅሉ የሚያገለግለው ለ30 ቀን ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ፣ ያውም ለአንድ ጉዞ ነው። አዲሱ ግሪን ካርድ የሚጠየቀው አሜሪካ ከተገባ በኋላ አይ-90 በሚባለው ሌላ ቅጽ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ቅጾች ያምታታሉ፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው በኢንተርኔት የካርድ መተኪያ ሞልተው ከፍለው ካርዱ በዲኤችኤል ይመጣልናል ብለው ይጠብቃሉ። ውጭ አገር ላለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መሳፈር ነው፤ ካርዱ ይደርሳል።

ማመልከቻው በአካል የሚቀርብ ነው። ክፍያው ግን ቀድሞ በኢንተርኔት ይፈጸማል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የክፍያ ሰንጠረዥ 575 ዶላር ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም። ባለጉዳዩ ራሱ መክፈል ባይችል ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቦርሳው የተሰረቀበት ሰው የባንክ ካርዱም አብሮ ሄዷል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድሙ ከፍሎ ደረሰኙን በቴሌግራም ይልክለታል። ከደረሰኙ ጋር ወደ ቀጠሮው የሚሄዱት ነገሮች የሚያስረዱት ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ ሰውየው ራሱ መሆኑን፦ ፓስፖርትና ፎቶግራፍ። ሁለተኛ ነዋሪ መሆኑን፦ የካርዱ ኮፒ፣ ኤ ቁጥሩ፣ የመጀመሪያ ጊዜ የገባበት የኢሚግሬሽን ቪዛ ያለበት አሮጌ ፓስፖርት። ሦስተኛ ከአሜሪካ የወጣው መቼ እንደሆነ፦ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የቦርዲንግ ካርድ ቁራጭ፣ ኢትዮጵያ ሲገባ የተመታለት ማኅተም። ተሰርቆ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ነጥብ ለምን አስፈለገ? ይህ አገልግሎት የተከፈተው ከአሜሪካ ከወጣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሰው ስለሆነ ነው። ሪኤንትሪ ፐርሚት የሚባለውን የመመለሻ ፈቃድ ይዞ ወጥቶ ያ ፈቃድ የጠፋበት ሰው ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ያመለክታል። ከዚያ ያለፈ ጉዳይ ሌላ በር አለው፤ ከታች እንመጣበታለን።

አንድ የአገር ቤት ጣጣ እዚህ ላይ ይጨመራል። ፓስፖርቱም አብሮ የጠፋ እንደሆነ ኢምባሲው የሚለጥፍበት ገጽ የለም፤ ከኢትዮጵያ ለመውጣትም ፓስፖርት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ ከዚያ ኢምባሲ የሚል ሰልፍ ይፈጠራል። ቲኬቱን አስቀድሞ ማራዘም የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው አይጠባበቁም።

ካርዱ አለ፣ ቀኑ ግን አልፏል

ይህን በአጭሩ። የነዋሪነት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የ10 ዓመት ቀን ይጻፍበታል። ያ ቀን አለፈ ማለት ካርዱ መታደስ አለበት ማለት ነው፤ ነዋሪነቱ አብሮ አያልፍም። የአሜሪካ መንግሥት ለአየር መንገዶች በሰጠው መመሪያም የ10 ዓመቱ ካርድ ጊዜው ቢያልፍበት መንገደኛውን ያለ ቦርዲንግ ፎይል ማሳፈር ይችላሉ። በጋብቻ ለመጡ ሰዎች የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ለየት ይላል፤ እሱ ካለፈ በነዋሪነቱ ላይ የተጣለው ቅድመ ሁኔታ እንዲነሳ ማመልከቻ መግባቱንና ጊዜው መራዘሙን የሚያሳየው ደብዳቤ አብሮ መያዝ አለበት። ግን «ይችላሉ» የሚለው ቃል «ይገደዳሉ» ማለት አይደለምና፣ ከበረራው ቀናት በፊት አየር መንገዱን መጠየቅ 575 ዶላር ሊያተርፍ ይችላል።

ጥያቄው ስለ አባልነቱ ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ደብተሩ ስለጠፋበት አባል ነው። እድር ግን ሌላም ደንብ አለው፦ ሳያሳውቅ ወራት የጠፋ፣ ቀብር የማይመጣ፣ መዋጮ ያቆመ ሰው ከመዝገቡ ሊወጣ ይችላል። ደብተሩ እጁ ላይ ቢሆንም። ካርዱን በማጣትና ነዋሪነትን በማጣት መካከል ያለው ልዩነት የሚጎላው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው የዕቃ ቤቱ ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የጉባኤው።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚነካው እናቶችንና አባቶችን ነው። ልጆቻቸው ዜግነት አግኝተው ግሪን ካርድ ያወጡላቸዋል። እነሱ ግን ቤታቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወይም መስጊዳቸው፣ እድራቸው ያለው አዲስ አበባ ወይም ደሴ ነው። ስለዚህ «በስድስት ወሩ ብቅ ማለት» የሚባል ልማድ ተፈጥሯል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ አሜሪካ ገብቶ ጥቂት ሳምንት ከርሞ መመለስ። ስድስት ወር የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። በሕጉ ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ የቆየ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ሊመረመር ይችላል። ከዚያ በታች የቆየ ሰው ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ነዋሪነቱን ትቷል ወይ የሚለው ጥያቄ በቀን ቆጠራ ብቻ የሚዳኝ ስላልሆነ። ቤቱ የት ነው፣ ግብር የሚያሳውቀው የት ነው፣ ሥራው፣ ባንኩ፣ ቤተሰቡ የት ነው፣ የወጣው ለምን ነበር፣ መቼ ሊመለስ አስቦ? የሚታየው ጉዞው ጊዜያዊ ጉብኝት መሆን አለመሆኑ ነው። አሜሪካን የሚጎበኝ፣ ኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ካርዱ ቢኖረውም ጥያቄው ይነሳበታል።

ሌላው ቁጥር አንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ከቆዩ ግሪን ካርዱ እንደ መግቢያ ሰነድ ማገልገሉ ያበቃል፤ ያልጠፋ፣ ቀኑም ያላለፈ ካርድ ቢሆን። ለዚህ ነው ከዓመት በላይ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ገና አሜሪካ ሳለ ሪኤንትሪ ፐርሚት የሚጠይቀው፤ ማመልከቻው ሲገባ ሰውየው እዚያው መገኘት አለበትና። ያን ሳያደርግ የወጣ፣ ሳያስበውም ከዓመት በላይ የቀረ ሰው የሚሄደው ወደ ተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው፤ ኤስቢ-1 ይባላል። ሲወጣ ነዋሪ እንደነበር፣ የመመለስ ሐሳቡን እንዳልተወ፣ የዘገየውም ከአቅሙ በላይ በሆነና እሱ ባላመጣው ምክንያት እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ከባድ ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታየው የበረራ መቋረጥ የመሰለ ነገር ሊረዳው ይችላል። የቤት ግንባታ ስላላለቀልኝ ነው የሚል ምክንያት ግን ከአቅም በላይ ነው ለማለት ይከብዳል።

ታዲያ ነዋሪነቱን ትቷል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በመጨረሻ ዳኛ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጠው ውሳኔ ነዋሪነቱን ትቷል የሚለው መንግሥት ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት መሆኑን፣ ማስረጃውም ግልጽና አሳማኝ መሆን እንዳለበት አስቀምጧል። አንድ መኮንን በአውሮፕላን ማረፊያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሊጠይቅ፣ ሊጠራጠር፣ ጉዳዩን ወደ ዳኛ ሊመራ ይችላል፤ ብቻውን ግን መዝገቡን አይዘጋም። መዝገቡን በአንድ ጊዜ የሚዘጋው የባለቤቱ ፊርማ ነው። አይ-407 የሚባለው ቅጽ ነዋሪነትን በፈቃድ መተውን ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣው የጉዞ እገዳ ሰሞን መንገደኞች ይህን እንዲፈርሙ መገፋፋታቸውን የሕግ ባለሙያዎች ሲናገሩ ነበር። መፈረም ግዴታ አይደለም፤ ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችን ብቻቸውን የሚልኩ ልጆች ከምግብ ዝግጅቱ በፊት ይህን አንድ ነገር ቢያስጠኗቸው ደግ ነው።

በሌላ በኩል አውቀው የሚፈርሙም አሉ። ኑሯቸው አገር ቤት መሆኑን የተቀበሉ አዛውንት ካርዱን መልሰው የጉብኝት ቪዛ ይጠይቃሉ። በየስድስት ወሩ ከጉልበት ሕመም ጋር አሥራ ምናምን ሰዓት ከመብረር ይህ የሚሻላቸው አይጠፉም። ቪዛው እንደሚሰጥ ዋስትና አለመኖሩን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ካናዳ፦ ማስታወሻ ጸሐፊው ሲዳኝ

ካናዳ ተመሳሳይ ወረቀት አላት፤ የቋሚ ነዋሪ የጉዞ ሰነድ ይባላል፣ ክፍያውም 50 የካናዳ ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፕላን፣ በአውቶቡስ፣ በባቡር ወይም በመርከብ ወደ ካናዳ የሚመለስ ነዋሪ ካርዱን ማሳየት አለበት። ካርድ የሌለው ይህን ሰነድ በውጭ ካለው የቪዛ ቢሮ ያወጣል።

ይሁን እንጂ ግዴታው የተጣለው በሕዝብ ማጓጓዣ ለሚመጣ ሰው ነው። በግል መኪና ከአሜሪካ ተነስቶ የካናዳ ድንበር ላይ የደረሰ ነዋሪ ካርዱም ሆነ የጉዞ ሰነዱ ባይኖረው በሌላ ማስረጃ ሊስተናገድ ይችላል። የካናዳ ሕግ ቋሚ ነዋሪ የመግባት መብት እንዳለው ይናገራልና፣ መኮንኑ ነዋሪ መሆኑን ካመነ ያስገባዋል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በመንገዱ ላይ ካልኖረ ማስታወሻውም አያስፈልግም ማለት ነው። ቶሮንቶ የሚኖሩ ሰዎች ይህን መንገድ «በቡፋሎ መግባት» እያሉ እንደ ብልሃት ይነጋገሩበታል፤ አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለቀረ ሰው ግን መጀመሪያ የአሜሪካ ቪዛ ስለሚያስፈልገው ብልሃቱ ብዙም አይራመድም።

ካናዳን ከአሜሪካ የሚለያት ዋናው ነገር ሌላ ነው። የካናዳ ነዋሪ በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መቆየት አለበት። የጉዞ ሰነዱን ሲጠይቅ የቪዛ መኮንኑ ቀኖቹን ይቆጥራል። ካልሞሉና በሰብዓዊ ምክንያት የሚታለፍ ነገር ካላገኘ ማመልከቻውን ከመከልከል አልፎ የነዋሪነት ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ይወስናል። ባለጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላለ ነዋሪነቱ ያበቃል። ማስታወሻ የሚጽፈው ጸሐፊ መዝገቡንም እዚያው ይመረምራል ማለት ነው። ስለዚህ ለካናዳ ነዋሪ ማመልከቻው ራሱ አደጋ አለው፤ ቀኖቹን ሳይቆጥር ቅጹን የሚያስገባ ሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ያስነሳል። ይግባኝ ያለ፣ ባለፉት 365 ቀናትም አንድ ጊዜ እንኳ ካናዳ የነበረ ሰው ይግባኙ እስኪታይ ድረስ የሚመለስበት ሰነድ ይሰጠዋል። ይህ 365 ቀን ሲያልፍ መብቱም እንደሚያልፍ ጠበቆች ደጋግመው የሚያስታውሱት ለዚህ ነው።

ካርድ የሌለበት ነዋሪነት

ብሪታንያ ካርዱን ጨርሶ ማስቀረትን መርጣለች። የነዋሪዎቹ ባዮሜትሪክ ካርዶች በብዛት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ጊዜያቸው አልፏል፤ ነዋሪነቱ ኢቪዛ በሚባል የኢንተርኔት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። የሚሰረቅ ካርድ የለም። አየር መንገዱም የሚያየው ፓስፖርቱን ሲሆን፣ ከመንግሥት ጋር በተያያዘ ሥርዓት አማካይነት ይህ መንገደኛ መሳፈር ይችላል የሚል ምላሽ እንዲደርሰው ታስቦ ነው።

ችግሩ ታዲያ ቦታ ለወጠ። አካውንቱ ነዋሪውን የሚያውቀው በተመዘገበለት የፓስፖርት ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ፓስፖርቱ ጠፍቶ አዲስ ያወጣ፣ ወይም ለንደን ሳለ ያደሰ ሰው አዲሱን ቁጥር አካውንቱ ውስጥ ካላስገባ ቦሌ ላይ ስክሪኑ ምንም ላያገኝለት ይችላል። ነዋሪነቱ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ዕቃ ቤቱ የሚጠይቀው ቁጥር ግን አይገጥምም። እዚህ ላይ ኢምባሲ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል፤ ስልኩ ላይ አካውንቱን ከፍቶ አዲሱን ፓስፖርት ማያያዝ ነው። ከበረራው በፊት ባለው ምሽት ሳይሆን ፓስፖርቱን በተረከበበት ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ለውጡ ተጣርቶ እስኪመዘገብ ጊዜ ይወስዳልና። ለአካውንቱ መግቢያ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ በእንግሊዝ ሲም ካርድ የሚደርስ ከሆነና ያ ሲም ከቦርሳው ጋር አብሮ ከሄደ፣ አካውንቱን ሲከፍት ባስመዘገበው ኢሜይል በኩል መግባትን ይሞክራል።